ለሐኪም የምትደብቁት ነገር

ልጆቼ፣ ተመላላሽ ክፍል ቁጭ ብዬ በሽተኛ ሳይ ነው ያረጀሁት፣ ዛሬ የምጽፍላችሁ አንድ ነገር ልለምናችሁ ነው፣ ለመዝናናት ብላችሁ የምትወስዱት ድራግ ካለ ለሐኪማችሁ ንገሩት።

አንድ ልጅ ነበር፣ ሃያዎቹ ውስጥ ያለ፣ ያስመልሰዋል ሆዱን ይቆርጠዋል፣ ይሻለውና ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ይመጣል። ጨጓራ ነው ብዬ ኦሜፕራዞል ሰጠሁት፣ አልትራሳውንድ፣ ኢንዶስኮፒ፣ ሁሉም ኖርማል። አንድ ቀን ሊወጣ በሩ ጋ ደርሶ "ዶክተር፣ ሙቅ ሻወር ስገባ ግን ቀለል ይለኛል" አለኝ። ያኔ ነው የገባኝ። ካናቢስ በየቀኑ ለረጅም ጊዜ የሚያጨስ ሰው እንዲህ ያለ ማስመለስ ሊይዘው ይችላል፣ ሙቅ ውሃ ደግሞ ለጊዜው ያስታግሰዋል። ጠየቅኩት፣ ነገረኝ፣ ማጨሱን ሲተው ማስመለሱም ተወው። ያን ሁሉ ወር የተሰቃየው እኔ ስላልጠየቅኩ እሱም ይንቀኛል ብሎ ስለፈራ ነው፣ እስካሁን ይቆጨኛል።

ትራማዶልን፣ ያን ጠንካራ የህመም ማስታገሻ፣ የፋርማሲ መድኃኒት ነው ምን ያደርጋል ትላላችሁ። ሱስ ያስይዛል፣ ሲበዛ የሚጥል በሽታ የሌለበትን ሰው እንኳ ሊያንዘፈዝፍ ይችላል፣ ከአልኮል ወይ ከዳያዜፓም (የሚያረጋጋ ኪኒን ነው) ጋር ሲሆን ትንፋሽ ያዳክማል፣ ሰው እንደተኛ ይቀራል። እኔ ሳላውቅ ለድብርት የማዝላችሁ ኪኒን ደግሞ ማንዘፍዘፉን ሊያባብሰው ይችላል። ናይትረስ ኦክሳይድ፣ የሚያስቀው ጋዝ የሚባለውን፣ አዘውትሮ የሚስብም እንደዛው፣ ቫይታሚን ቢ12ን ስራ ያስፈታና እግር ያደነዝዛል፣ የደም ምርመራው ኖርማል ሊመስል ስለሚችል ካልነገራችሁን ልንስተው እንችላለን። ኮኬይን ወስዳችሁ ደረታችሁን ካመማችሁ ደግሞ ቤት አትቆዩ፣ በሃያ አምስት ዓመትም ሃርት አታክ ይመጣል።

ስትነግሩን ምኑን፣ ምን ያህል፣ መጨረሻ መቼ፣ ከምን ጋር፣ ይበቃል። ሚስጥር መጠበቅ ግዴታችን ነው፣ ካርዳችሁን ማን እንደሚያየው ግን መጀመሪያ ጠይቁ፣ መብታችሁ ነው። የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠማችሁ ሌላ ፈልጉ እንጂ ዝም አትበሉ። ዳያዜፓም ወይ አልኮል በየቀኑ የሚወስድ ሰው ደግሞ በእልህ በአንድ ጊዜ እንዳያቆም፣ ሊያንዘፈዝፈው ይችላል፣ ቀስ እያልን አብረን እንቀንሰዋለን።

ጓደኛችሁ አልነቃ ብሎ ትንፋሹ ከደከመ አምቡላንስ ጥሩ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ናሎክሶን (እንደ ትራማዶል ያሉ መድኃኒቶች ሲበዙ የሚያከሽፍ) ካለ ስጡት፣ የወሰደውን ነገር ማሸጊያ ይዛችሁ አብራችሁት ኑ።