አባቴን ሐምሌ ላይ አመጣኋቸው

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። የምኖረው አራት ኪሎ፣ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ነው። አባቴ 74 ዓመታቸው ነው፤ ምሥራቅ ጎጃም ገበሬ ናቸው። እናቴ ካረፈች ወዲህ ብቻቸውን እንዳይሆኑብኝ ብዬ ሐምሌ ላይ አመጣኋቸው። ምንም አልጎደለባቸውም። ግን በረንዳ ላይ ቆመው ሰማይ ሰማዩን ያያሉ፣ እንቅልፍም እምቢ አላቸው። መሬቱን ለእኩል አራሽ ሰጥተው እዚህ ይቀመጡ ብላቸው ተቆጡ፤ በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ። አራት ጥማድ መሬት ከልጅ ይበልጣል?

መልስ፦ እህቴ፣ አልበለጠብሽም። ግን ወሩን ልብ በይ። ሐምሌ እኮ ጤፍ የሚዘራበት ነው፣ ነሐሴ ደግሞ አረም አለ። ሰማዩን የሚያዩት «እዚያስ ዘንቦ ይሆን?» እያሉ ነው።

የእኔ አያት እያንዳንዱን ማሳ በስም ነበር የሚጠሩት፤ የትኛው ውሃ እንደሚይዝ፣ የትኛው ድንበር ላይ ከጎረቤት ተጣልተው በሽማግሌ እንደታረቁ፣ የትኛውን ከአባታቸው ጋር እንደመነጠሩ ሲያወሩ ያመሻሉ። አባትሽም እንዲህ ያለ መሬት ነው ያላቸው። እናትሽም እዚያው ደብር ያረፈች ይመስለኛል። ዕድሩ፣ ማኅበሩ፣ የነፍስ አባታቸው፣ ሁሉም እዚያ ነው።

ፍርሃትም አለ። በ1967 «መሬት ለአራሹ» ሲታወጅ ወጣት ነበሩ። በ1989 በክልሉ ሽግሽግ ሲደረግ ደግሞ ስንቱ ከመሬቱ ሲቀነስ አይተዋል። ዛሬም የይዞታ ደብተር ቢኖራቸው መሬቱ አይሸጥም አይለወጥም፤ የያዙት መብት አርሶ መጠቀምና ለልጅ ማውረስ ነው። ስለዚህ አንቺ «እረፉ» ስትያቸው እሳቸው የሚሰሙት «ልቀቁ» የሚል ነው። አባቶች በርስትና በሚስት ቀልድ የለም የሚሉት ወደው አይደለም።

ሩቅ ሳንሄድ፣ በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ቤታቸውን የለቀቁ አንድ የማውቃቸው እናት አሉ። ዛሬም በሁለት ታክሲ መጥተው አራዳ ጊዮርጊስን ይሳለማሉ። አዲሱ ሰፈራቸው ቤተ ክርስቲያን ጠፍቶ አይደለም።

እኩል አራሹ ክፉ ሐሳብ አይደለም፤ ግን አራሹን እሳቸው ይምረጡት፣ አንቺ አትምረጪላቸው። ደግሞ ክረምት አታምጫቸው። አውድማው አልቆ እህሉ ጎተራ ሲገባ፣ ከጥምቀት በኋላ ይምጡ፤ ለፋሲካ አገራቸው ይግቡ። እዚህ ሲሆኑም የማሳዎቹን ስም እየጠየቅሽ ጻፊ።

ለዛሬ ግን ማታ ደውይላቸው። ከጤናቸው በፊት ጤፉን ጠይቂ።