«መልስ መጣ?» ለሚሉኝ ምን ልበላቸው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ እህታችን። የምኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ባለትዳርና የአንድ ልጅ እናት ነኝ። አሜሪካ እንደመጣሁ በሲኤንኤ (በነርስ ረዳትነት) ሥራ ጀመርኩ፤ ከዚያ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ገብቼ አርኤን (ፈቃድ ያላት ነርስ) ሆንኩ፤ እየሠራሁ ባችለሬን ጨረስኩ። አሁን አይሲዩ (የጽኑ ሕሙማን ክፍል) ውስጥ ናይት ስሠራ አራት ዓመቴ ነው። ባለፈው ሰመር ለአራት የነርስ አኔስቴዥያ (ታካሚ የሚያደነዝዝ ነርስ የሚሠለጥንባቸው) ፕሮግራሞች አመለከትኩ። አንዱ «አልተቀበልንሽም» አለኝ። አንዱ ለኢንተርቪው ጠራኝ፤ ካደረግኩ ይኸው ሰባተኛ ሳምንቴ ነው፣ ምንም የለም። ሁለቱ ጭራሽ ድምፃቸው ጠፋ። ስልኬን ከእጄ ማስቀመጥ አቃተኝ። ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ብሬክ ሩም ቁጭ ብዬ ፖርታሉን (የማመልከቻውን ድረ ገጽ) እከፍታለሁ፤ በዚያ ሰዓት መልስ የሚልክ ሰው እንደሌለ እያወቅኩ። በማኅበርም በሥራ ቦታም ያየኝ ሁሉ «መልስ መጣ?» ይለኛል። እናቴ ከአዲስ አበባ በደወለች ቁጥር ስለ ስእለቷ ታነሳብኛለች። ባለቤቴ «ተረጋጊ» ይለኛል፤ እሱ ቃል ደግሞ ይብስ ያናድደኛል። ደውዬ ብጠይቅ ነውር ነው? ዝም ማለታቸው አልተቀበሉኝም ማለት ነው? ምን ይመክሩኛል?

ዓይኗ ስልኳ ላይ የቀረ

መልስ፦ እህቴ፣ ከዝምታው ልጀምር። ዝም ማለታቸው «አይ» ማለት አይደለም። «እሺ» ማለትም አይደለም። ስለ አንቺ ምንም አይናገርም። የሚናገረው ስለ እነሱ አሠራር ነው። ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብዬ ብቻ አይደለም።

ማመልከቻሽን የሚያነቡት ሰዎች ሌላ ሥራ ያላቸው ናቸው። ያስተምራሉ፣ ይፈትናሉ፣ ብዙዎቹ ራሳቸው ኦፐሬሽን ክፍል ገብተው ይሠራሉ። ኮሚቴው የሚሰበሰበው ቀን ተቆርጦለት ነው። ከኢንተርቪው በኋላ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ የሚጽፉት ከላይ ላስቀመጧቸው ሰዎች ነው። እነዚያ ሰዎች ደግሞ እንደ አንቺው አራት አምስት ቦታ ያመለከቱ ናቸው፤ የቱን እንደሚይዙ እስኪወስኑ፣ ከቤተሰብ እስኪመክሩ፣ የቦታ መያዣ ዲፖዚት እስኪከፍሉ ድረስ መሐል ላይ ያለው ሰው እንዲሁ ተንጠልጥሎ ይቆያል። «አይ» አይሉትም፣ ነገ ሊፈልጉት ይችላሉና። «እሺ» አይሉትም፣ ቦታው ገና አልተለቀቀም።

ቦታው ራሱ ጠባብ ነው። አንድ የነርስ አኔስቴዥያ ተማሪ ለመመረቅ ቢያንስ 600 ታካሚዎችን በማደንዘዝ ሥራ ላይ መሳተፍና 2,000 ሰዓት ክሊኒካል መሥራት አለበት። ወንበር ጨምሮ ክፍል መሙላት ይቻል ይሆናል፤ ኦፐሬሽን ክፍልና አጠገብ ቆሞ የሚያስተምር ባለሙያ ግን ከየት ይመጣል? የአሜሪካ የነርሲንግ ኮሌጆች ማኅበር ባወጣው ቁጥር፣ እ.ኤ.አ. በ2023 ብቻ መስፈርቱን ያሟሉ 65,766 ማመልከቻዎች ከባችለርና ከድኅረ ምረቃ የነርሲንግ ፕሮግራሞች ተመልሰዋል። ምክንያቱ የመምህር እጥረት፣ የክሊኒካል ቦታ እጥረት፣ የበጀት እጥረት ነው። አንድ ሰው ብዙ ቦታ ስለሚያመለክት ቁጥሩ የማመልከቻ እንጂ የሰው አይደለም። ቢሆንም «አልተቀበልንሽም» ያለሽ ትምህርት ቤት «አትችዪም» አለማለቱን ከዚህ ማየት ትችያለሽ።

አሁን ወደ መደወሉ ልምጣ። እዚህ ላይ የራሴን ልንገርሽ። ለነርስ ፕራክቲሽነር (ታካሚ መርምራ መድኃኒት የምታዝ ነርስ) ትምህርት ያመለከትኩ ጊዜ አራት ወር ሙሉ ጠበቅኩ። መደወል ማስቸገር መሰለኝ። እኛ ቤት ትልቅ ሰው አይጨቀጨቅም ተብለን ነው ያደግነው፣ ያ ነገር አብሮኝ መጥቷል። አንድ ቅዳሜ ጓደኞቼ ቤቴ ተሰብስበው ቡና ስቆላ፣ አንዷ «እስኪ ኢሜይልሽን እዪ፣ ስፓሙንም እዪ» አለችኝ። አየሁ፣ የለም። ሰኞ ደፈርኩና ደወልኩ። ያነሳችው ሴትዮ ፋይሌን ከፈተች፣ ትንሽ ዝም አለች፣ ከዚያ «ይቅርታ፣ ማመልከቻሽ አልተሟላም፤ ከመጀመሪያው ኮሌጅሽ ትራንስክሪፕት (የውጤት ማስረጃ) አልደረሰንም» አለችኝ። አሜሪካ በመጣሁ በዓመቴ ሁለት ኮርስ ብቻ የወሰድኩበት ኮሌጅ ነው። ኮሌጁ «ልከናል» ብሎኝ ነበር፤ አልላከም። ማንም አልጻፈልኝም፣ ማንም አልደወለልኝም። አራት ወር ሰልፍ ላይ ያለሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ሰልፉ ውስጥ ስሜም የለም። ያ ዓመት እንዲሁ አለፈ።

ስለዚህ ድምፃቸው የጠፋውን ሁለቱን ነገ ጠዋት ከሺፍት ስትወጪ፣ ከመተኛትሽ በፊት ደውዪላቸው። ጥያቄው አንድ ነው፦ «ፋይሌ ተሟልቷል ወይ?» በነርሲንግካስ (ለብዙ ትምህርት ቤቶች በአንድ ላይ በሚመለከትበት ድረ ገጽ) ካመለከትሽ «ሰብሚትድ» (ተልኳል) የሚለውን አይተሽ አትረጋጊ፤ «ኮምፕሊት» (ተሟልቷል) እና «ቬሪፋይድ» (ተረጋግጧል) የሚሉት ናቸው ቁም ነገሮቹ። ትራንስክሪፕት፣ ሪኮመንደሽን፣ ክፍያ፣ አንዷ ከጎደለች ማንም አያነብልሽም። ይህ ማስቸገር አይደለም፣ መብትሽ ነው።

ኢንተርቪው ያደረግሽበት ግን ሌላ ነው። መልስ የምንሰጠው በዚህ ጊዜ ነው ብለውሽ ከሆነ ያ ቀን እስኪያልፍ አትጻፊ። ካለፈ፣ ወይም ቀን ካልነገሩሽ፣ አንድ አጭር ኢሜይል ላኪ። አራት መስመር ይበቃል፦ አመስግኚ፣ አሁንም እንደምትፈልጊያቸው ንገሪ፣ ውሳኔው መቼ ገደማ እንደሚሆን ጠይቂ፣ አዲስ ነገር ካለሽ ጨምሪ። ሲሲአርኤን የሚባለውን የጽኑ ሕሙማን ነርሶች የብቃት ፈተና አልፈሽ ከሆነ፣ ቻርጅ ነርስ (የሺፍቱ ኃላፊ) መሆን ጀምረሽ ከሆነ፣ ከአኔስቴዥያ ባለሙያ ጋር ሻዶው ካደረግሽ (አጠገቡ ሆነሽ ሥራውን ካየሽ) ጻፊው። ደጋግመሽ ግን አትላኪ። አንዳንድ ትምህርት ቤት ተጨማሪ ነገር አንቀበልም ብሎ በግልጽ ይጽፋል፤ እሱንም አክብሪላቸው።

ስለ ስልኩ፣ አደራሽን ስሚኝ። ሌቮፌድ (የደም ግፊት የሚያነሳውን መድኃኒት) እያስተካከልሽ፣ ዓይንሽ ሞኒተሩ ላይ እያለ፣ ኪስሽ ውስጥ ያ ነገር ንዝር ሲል ልብሽ ወዴት እንደሚሄድ አውቀዋለሁ። አልጋው ላይ ያለው ሰው ሙሉ ልብሽን ይፈልጋል። የኢሜይሉን ማሳወቂያ አጥፊውና ስልኩን ሎከር ውስጥ ተዪው። ከሞግዚት የሚደወል እንደሆነ የዩኒቱን ቁጥር ስጪያት። ፖርታሉን በቀን ሁለቴ እዪ፤ ከእንቅልፍሽ ስትነሺ አንድ ጊዜ፣ ቢሮ ሲዘጋ አንድ ጊዜ። ለሁለት ሳምንት ሞክሪው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ይከብዳሉ፣ ከዚያ ይለመዳል።

ለሚጠይቅሽ ሰው ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር ያዢ፦ «ሲመጣ እኔው እነግራችኋለሁ፣ እስከዚያ በጸሎት አስቡኝ።» በዚህ የሚቀየም የለም። ሰው ዓይን ይገባል ብለሽ ደብቀሽው ቢሆን ኖሮም አልፈርድብሽም፤ ግን ነግረሻቸዋል፣ አሁን ዝም በሉ ማለት ትችያለሽ። እናትሽን ግን አትከልክያት። እሷ ከዚያ ማዶ ሆና ልታደርግልሽ የምትችለው ያንኑ ነው። «እማዬ፣ ስእለትሽን ያዢልኝ» በያትና ወሬውን ወደ ጎረቤት፣ ወደ ዘመድ፣ ወደ በዓሉ ዝግጅት ውሰጂው።

ባለቤትሽ «ተረጋጊ» የሚልሽ ሌላ የሚሠራው ስለጠፋው ይመስለኛል። ሥራ ስጪው። አንድ እሑድ ልጁ ሲተኛ ወረቀት ይዛችሁ ተቀመጡና «ብትገቢ በምን እንኖራለን?» የሚለውን አስሉ። ብዙ ሰው ይህን ከተቀበሉት በኋላ ነው የሚያስበው፤ ያኔ ደግሞ ዲፖዚቱ የሚከፈለው በሁለት ሳምንት ውስጥ ይሆናል። እ.ኤ.አ. ከ2022 መጀመሪያ ጀምሮ ወደዚህ ሙያ የሚገባ ሁሉ በዶክትሬት ነው የሚማረው፤ ቢያንስ 36 ወር ነው። ብዙዎቹ ፕሮግራሞች እየሠራሽ እንድትማሪ አይፈልጉም፣ አንዳንዶቹም ይከለክላሉ። ሦስት ዓመት ያንቺ ደሞዝ የለም ማለት ነው። የቤቱ ኪራይ ወይም ሞርጌጁ፣ ዴይኬሩ፣ መኪናው፣ ለእናትሽ የምትልኪው፣ ሁሉም ይጻፍ። የጤና ኢንሹራንሳችሁ ባንቺ ሥራ በኩል ከሆነ ወደ እሱ ሥራ መቼ ማዞር እንደሚቻል ካሁኑ ይጠይቅ። እቁብ ካላችሁ ዕጣችሁ ትምህርቱ ሲጀመር እንዲደርስ ከወዲሁ ዳኛውን አነጋግሩ፤ እኔ የመጀመሪያውን ሴሚስተር የተሻገርኩት በእቁብ ነው።

የብድሩ ነገር ደግሞ ተቀይሯል። እ.ኤ.አ. ጁላይ 4 ቀን 2025 በተፈረመው ሕግ፣ ግራድ ፕላስ የሚባለው ለድኅረ ምረቃ ተማሪ የሚሰጥ የፌዴራል ብድር ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ ተበዳሪ ተዘግቷል። የቀረው የፌዴራል ብድር ለድኅረ ምረቃ ተማሪ በዓመት 20,500 ዶላር፣ በጠቅላላው 100,000 ዶላር ነው። «ፕሮፌሽናል» ለሚባሉት ሙያዎች በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ነው። በ2025 መጨረሻ ላይ ከፌዴራሉ ትምህርት መሥሪያ ቤት የወጣው ረቂቅ ነርሲንግን ከፕሮፌሽናሎቹ ዝርዝር ውጭ አድርጎታል፤ የነርሶች ማኅበራትም አጥብቀው ተቃውመውታል። ሦስት ዓመት ያለ ደሞዝ ለሚማር ሰው በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ትምህርት የመቀጠልና የማቋረጥ ልዩነት ነው። ይህ ነገር በእውነት ያሳዝነኛል። ስለዚህ ያመለከትሽባቸው ትምህርት ቤቶች ፋይናንሻል ኤይድ ቢሮ ጋ ደውዪና «ለዚህ ፕሮግራም የዓመቱ የብድር ጣሪያ ስንት ነው?» ብለሽ መልሱን በጽሑፍ ተቀበዪ። ለመጠየቅ ተቀባይነት እስክታገኚ መጠበቅ አያስፈልግሽም።

ጥያቄ፦ ከዳላስ ነው የምጽፈው። ለሳይካትሪ (የአእምሮ ሕክምና) ነርስ ፕራክቲሽነር አመልክቼ አንድ ቦታ ተቀበሉኝ፤ በአሥራ ሁለት ቀን ውስጥ የማይመለስ ዲፖዚት ክፈል ይሉኛል። በጣም የምፈልገው ሌላኛው ገና አልመለሰም። ጓደኛዬ «እስከ ኤፕሪል 15 ማንም ሊያስገድድህ አይችልም» አለኝ። እውነት ነው?

ሁለት ልብ የሆነው

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጓደኛህ ግማሹን ነው የሰማው። የኤፕሪል 15 ስምምነት በድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤቶች ምክር ቤት በኩል ትምህርት ቤቶች የፈረሙበት ነው፤ የሚመለከተው ግን ስኮላርሺፕ፣ ፌሎውሺፕ፣ አሲስታንትሺፕ የመሳሰለ የገንዘብ ድጋፍ ለቀረበለት ተማሪ ነው። ራስህ ከፍለህ ለምትማርበት ፕሮግራም ዲፖዚት አይሠራም። እሱን ተማምነህ ቀኑን እንዳታሳልፍ።

ዛሬውኑ ሁለት ኢሜይል ጻፍ። ለምትፈልገው ትምህርት ቤት፦ ሌላ ቦታ እንደተቀበሉህና እስከዚህ ቀን መወሰን እንዳለብህ፣ የመጀመሪያ ምርጫህ ግን እነሱ እንደሆኑ ንገራቸው። ለተቀበሉህ ደግሞ፦ የሁለት ሳምንት ጊዜ እንዲጨምሩልህ ለምናቸው። ብዙ ጊዜ ይሰጣሉ። እምቢ ካሉ ዲፖዚቱ ስንት እንደሆነ እይ፤ አንድ ተጨማሪ ሺፍት የሚሸፍነው ከሆነ እኔ ብሆን ከፍዬ ቦታዬን እይዛለሁ።

ከመክፈልህ በፊት ግን አንድ ጥያቄ ጠይቅ፤ ይህን ሳይጠይቁ ገብተው ያለቀሱ ሰዎች አውቃለሁ። ፕሪሴፕተር (ክሊኒክ ውስጥ አጠገቤ ሆኖ የሚያስተምረኝ ባለሙያ) የሚያገኝልኝ ማን ነው? እናንተ ናችሁ ወይስ እኔ? እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው አገራዊ መስፈርት ቢያንስ 750 ሰዓት ታካሚ ጋ መሥራትን ይጠይቃል። ትምህርት ቤቱ «ራስህ ፈልግ» የሚል ከሆነ፣ ምሽት ምሽት ለማታውቀው ክሊኒክ እየደወልክ «እባካችሁ ተቀበሉኝ» ስትል ነው የምትከርመው፤ የሚያስከፍሉህም አሉ። የምትመኘውም ትምህርት ቤት ቢሆን መልሱ «ራስህ ፈልግ» ከሆነ ሁለቱን እንደገና አወዳድራቸው።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ካመለከተችባቸው ሦስቱም ቦታዎች ትናንት የመጨረሻው «አይ» መጣ። ምንም አታወራም። ምን ልበላት?

ባል፣ ከአትላንታ

መልስ፦ አሁን ምንም አትበላት ወንድሜ። «ለበጎ ነው» አትበላት፣ «እግዚአብሔር ያላለው አይሆንም» አትበላት፤ እሷም ታውቀዋለች፣ ዛሬ ግን አይሰማትም። ልጆቹን ይዘህ ውጣ፣ ቤቱን ለእሷ ተውላት፣ እንድታለቅስ። ራት አንተ ሥራ። ዘመድ ሲደውል አንተ አንሳና ንገርላት፤ ያን ነገር አሥር ጊዜ ከአፏ ማውጣት አይገባትም። ሁለት ሦስት ሳምንት ይለፍ። ከዚያ እሷ ራሷ ወሬውን ስታነሳ፣ ለሦስቱም ትምህርት ቤቶች «ምን ባሻሽል ይሻላል?» ብላ እንድትጽፍ አብረሃት ተቀመጥ። ሁሉም አይመልሱም። የሚመልስ ሲገኝ ግን ብዙ ጊዜ የተለየ ነገር ይነግራል፦ የሳይንስ ኮርስ ውጤት፣ የልምድ ዓመት፣ የኢንተርቪው አነጋገር። በሁለተኛው ዙር የገቡ የማውቃቸው ሰዎች ያን መልስ ፍሪጅ ላይ ለጥፈው የከረሙ ናቸው። የሚቀጥለው ማመልከቻ መቼ እንደሚከፈት አንተ ካሌንደር ላይ ጻፈው፤ ለእሷ ግን እስክትጠይቅህ አትንገራት።