ወፌ ቆመች፦ በሁለት እግር ስለሚሄዱ ሮቦቶች የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

ባለፈው እሑድ ጅማ ውስጥ ቡና ላይ ስለሮቦት የተነሳው ጨዋታ አላልቅ አለ። "ጥያቄ ያላችሁ ላኩልኝ" አልኩ። ጎረፈ! ሥራዬ ሞተር መጠገንና ተማሪ ማሠልጠን ነው፤ የማውቀውን እነሆ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ መራመድ ለሮቦት ለምን ይህን ያህል ከበደ?

መልስ፦ የጅማን በርጩማ አስበው። ሦስት እግር አለው። ወለሉ ቢጎረብጥም ሦስቱም መሬት ይነካሉ፤ አይወዛወዝም። አሁን አንዱን እግር ቁረጥና ተቀመጥበት። ስንራመድ የእኛ ደግሞ ይብሳል፤ ብዙውን ጊዜ የቆምነው በአንድ እግር ነው። ወደፊት እንወድቃለን፣ ሌላው እግር ደርሶ ይይዘናል፣ ደግሞ እንወድቃለን። ይህን "ወፌ ቆመች" እየተባልን ስለተማርነው ረስተነዋል። ሮቦቱ ግን እያንዳንዷን ውድቀት ማስላት አለበት።

ጥያቄ፦ ቻይናዎች ናቸው የጀመሩት አይደል?

መልስ፦ ጃፓኖች ናቸው። በ1973 ቶኪዮ በሚገኘው ዋሴዳ ዩኒቨርሲቲ፣ ኢቺሮ ካቶና ባልደረቦቹ ዋቦት 1ን አራመዱ። አንድ እርምጃ 45 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበት ነበር። አቦል ሲቀዳ ከቤት ቢወጣ፣ በረካ ላይ ጎረቤት መድረሱን እንጃ! ሆንዳ በ1986 ጀምሮ ለዓመታት በምስጢር ሲሠራ ቆየና በ1996 ፒ 2ን አወጣ፤ ቁመቱ 182 ሳንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 210 ኪሎ። እግር ላይ ቢወድቅ አስበው። ትንሹ አሲሞ የመጣው በ2000 ነው።

ጥያቄ፦ አሲሞ ለምን ጉልበቱን አጥፎ ይሄድ ነበር? ሽንት የያዘው ይመስላል።

መልስ፦ ሳቅኩ፣ ግን ጥሩ ጥያቄ ነው። እግር ጨርሶ ከተዘረጋ ወዲያ የሚረዝምበት የለም፤ ዳሌውን ከፍ ማድረግ አይቻልም፣ ስሌቱም እዚያ ላይ ይበላሻል። ስለዚህ መጠባበቂያ እንዲኖረው ይታጠፋል። ዋጋው ግን ባትሪ ነው። አንተም ጉልበትህን አጥፈህ እስከ መርካቶ ሂድና ጭንህን ጠይቀው። ታድ ማክጊር የተባለ መሐንዲስ ደግሞ በ1990 ተቃራኒውን አሳየ፤ ሞተር የሌላቸው እግሮች በትንሽ ቁልቁለት ላይ በስበት ብቻ ሲራመዱ። ለእኔ ከዘለለው ሮቦት ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል።

ጥያቄ፦ ወደኋላ የሚገለበጠውስ?

መልስ፦ ቦስተን ዳይናሚክስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሠራው አትላስ ነው፤ በ2017 ነው የተገለበጠው። ያኔ እንደ ኤክስካቫተር በዘይት ግፊት ነበር የሚሠራው። በ2024 ያንን ጡረታ አውጥተው በኤሌክትሪክ ሞተር የሚሠራ ተኩ። ዛሬ ብዙዎቹ መራመድን የሚማሩት መጀመሪያ ኮምፒውተር ውስጥ ነው። እዚያ ሺህ ጊዜ ቢወድቁ የሚሰበር ነገር የለም።

ጥያቄ፦ ሮቦቷ ሶፊያ አዲስ አበባ መጥታ አማርኛ ተናግራ የለ? ትራመዳለች?

መልስ፦ በ2018 መጥታለች፣ በሶፍትዌሯም የእኛው አገር ኩባንያ የአይኮግ ላብስ እጅ አለበት። ግን ስትሠራ እግር አልነበራትም፤ በኋላ ነው የተገጠመላት። ፊትና አፍ ሌላ ሙያ፣ እግር ሌላ ሙያ።

ጥያቄ፦ ዋጋው?

መልስ፦ የቻይናው ኩባንያ ዩኒትሪ የሠራው ሮቦት ጂ 1 በ2024 ሲወጣ ከ16,000 ዶላር ጀምሮ ነበር። በብር አታስላው፣ እንቅልፍ ይነሳሃል።

ጥያቄ፦ የጅማን የክረምት ጭቃ ይችላል?

መልስ፦ እዚህ ላይ ልጠንቀቅ። በ2025 ቤጂንግ ውስጥ ሮቦቶች ግማሽ ማራቶን ሮጡ። አንደኛ የወጣው 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ፈጀበት፤ መንገድ ላይ ባትሪው ሦስት ጊዜ ተቀየረ፣ አንዴም ወደቀ። ያውም በአስፋልት! ጭቃ የሚከፋው እግሩ ያረፈበት ቦታ ስለማይጸና ነው። ሮቦቱ "ረገጥኩ" ብሎ ሚዛኑን ሲያስተካክል መሬቱ ከሥሩ ይሸሻል። ከተማሪዎቼ ጋር በሰርቮ ሞተር (በታዘዘው ማዕዘን ላይ ዞሮ በሚቆም ሞተር) የሠራናት አንዲት ጢንጥዬ ሮቦት ጠረጴዛ ላይ እንደ ሙሽራ ስትራመድ ከርማ፣ ደጅ ስናወጣት ሁለት እርምጃ ሄዳ በአፍጢሟ ተደፋች። አሁን ቁርጭምጭሚቷን እየቀየርን ነው።

ቡና ይለቅም እንደሆነ የጠየቃችሁ ሦስት ሰዎች፣ እሱ የእጅ ጉዳይ ነው። ሌላ እሑድ እንመለስበታለን።