የሄድፎን ቤዝ፦ ጠይቁኝ፣ ዛሬ እመልሳለሁ

ሰላም የደሴና የኮምቦልቻ ልጆች። ሄድፎን መጠገን ከጀመርኩ ቆየሁ። ዛሬ ስለ ኒውትራል ሄድፎን ቤዝ ብቻ ነው የምመልሰው። ቤዝ ማለት ወፍራሙ የታችኛው ድምፅ ነው፤ ኒውትራል ማለት ደግሞ ሳይጨምር ሳይቀንስ የሚያሰማ። «ምን ልግዛ?» ብሎ ማንም እንዳይጠይቀኝ።

ከኮምቦልቻ፦ ኒውትራል ነው ብለው ሸጡልኝ። ቤዙ የታለ? ተሸወድኩ?

መልስ፦ አብሽር፣ አልተሸወድክም። ዱብ ዱብ የሚል ነገር ስትሰማ ከርመህ ጆሮህ ያንን ልክ ነው ብሎ ይዞታል። አንድ ሳምንት ታገሰው። ከዚያ በፊት ግን ስፖንጁን እይ። ጀርባው ዝግ የሆነ ሄድፎን ከሆነ ትንሽ ክፍተት ካገኘ ቤዙ ሾልኮ ይወጣል። መነጽር፣ ሻሽ፣ ጎፈሬ፣ ሁሉም ክፍተት ይፈጥራሉ። በሁለት እጅህ ቀስ ብለህ ጫን አድርገው። ቤዙ ከጨመረ ጥፋቱ የሄድፎኑ አይደለም።

ከፒያሳ፦ በምን ልፈትነው?

መልስ፦ ጥያቄ ማለት ይሄ ነው! ድቤ ያለበት መንዙማ ክፈት። መጀመሪያ መዳፉ ቆዳውን ሲነካ ትሰማለህ። ከዚያ የድቤው የሆድ ድምፅ ይከተላል። ከዚያ ያልቃል። ማለቁን ልብ በል! ቤዝ የተጨመረበት ሄድፎን ላይ አንዱ ምት ሳያልቅ ሌላው ይደረብበታል። መንዙማውን የሚመራው የአውጪው ድምፅ፣ ክረምት ላይ የጦሳን ተራራ ጉም እንደሚውጠው፣ ይዋጣል።

ቀጥሎ ቤዝ ጊታር። ወፍራሙ ክር ጣት ሳያርፍበት ሲመታ 41 ሄርዝ ገደማ ነው፣ በሰከንድ 41 ጊዜ ያህል ይነዝራል ማለት ነው። ቤዚስቱ ወደ ታች ሲወርድ እያንዳንዱን ኖታ ለይተህ ትከተለዋለህ? ከተከተልከው ቤዝ አለህ። ሁሉም አንድ ዓይነት «ዱም» ከሆነብህ የሰማኸው ጩኸት ነው። ሁለት ሄድፎን ስታወዳድር ደግሞ ድምፃቸውን እኩል አድርግ። ጮክ ያለው ሁሌ የተሻለ ይመስላል።

ከሮቢት፦ ድቤ ምን ያደርጋል? መፈተኛው በገና ነው።

ከአራዳ፦ ተው እንጂ! በገና ለጸሎት እንጂ ለሄድፎን ነው እንዴ?

ከሮቢት፦ ታዲያ መንዙማውስ?

መልስ፦ ተረጋጉ፣ ጉዳዩ ሌላ ነው። በገና ሲደረደር ክሩ ሥር ያለችው ቁራጭ ቆዳ ትነዝራለች። «ዝዝዝ» የሚለው እሱ ነው። ጆሮ ከዚያ ከላይኛው ንዝረት ተነስቶ የጎደለውን የታችኛውን ድምፅ ራሱ ይሞላዋል። ስለዚህ ተራ የስልክ ስፒከር ላይ እንኳ በገና ወፍራም ሆኖ ይሰማል። ደስ ይላል፣ ግን ለፈተና አይሆንም።

ከቧንቧ ውሃ ሰፈር፦ ማታ ልጆች ሲተኙ ቀንሼ ስሰማ ቤዙ ይጠፋብኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ ጆሮ እንዲህ ነው። ድምፅ ሲቀንስ ቀድሞ የሚጠፋው ቤዙ ነው። የድምፅ ተመራማሪዎቹ ፍሌቸርና መንሰን በ1933 እ.ኤ.አ. አሳይተውታል። ማታ ትንሽ ቤዝ ብትጨምሪ ነውር የለውም።

ከኮምቦልቻ፦ ሴንሃይዘር ኤችዲ 600 የሚባለው ሄድፎን በስልክ ይሆናል?

መልስ፦ ለኤሌክትሪክ ያለው ተቃውሞ 300 ኦም ነው፣ ለስልክ ይበዛል። ስልክ ላይ አቅም ያንሰዋል። ጀርባው ክፍት ስለሆነም በጣም ታች ያለው ቤዝ ይሳሳል።

ከደሴ፦ የኔም ቤዝ የለውም፣ ምን ይሻላል?

መልስ፦ ከላይ አንብብ። ስፖንጁን ጫን!

ከደሴ፦ እሺ ምን ልግዛ?

መልስ፦ ኧረ በአላህ!

ከኮምቦልቻ፦ የመጀመሪያው ጠያቂ ነኝ። መነጽሬን ሳወልቅ ቤዙ መጣ! ግን ዘፈን መምረጥ አቃተኝ፣ ስልኩ አይታየኝም።

መልስ፦ መጀመሪያ ምረጥ፣ ከዚያ አውልቅ።