መልስ፦ ከአሜሪካ ጠመንጃ ስለማምጣት

ወንድሜ፣ የአጎትህ ልጅ አሜሪካ የገዛውን ኤአር-15 የተባለ ጠመንጃ ፒያሳ ቤታችሁ ማስቀመጥ ይቻል እንደሆነ፣ ወደ አውቶማቲክ (ቃታው እንደተሳበ በተከታታይ ወደሚተኩስ) መቀየሩስ ያዋጣ እንደሆነ ጠይቀሃል። መቀየሩን እርሳው። መልኩ የወታደሩን ኤም-16 ይመስላል፤ ግን ቃታው በተሳበ ቁጥር የሚተኩሰው አንዴ ብቻ ነው። ሕጉም አጥብቆ የሚጠብቀው ይህንኑ ልዩነት ነው። እዚያው አሜሪካ እንኳ ከግንቦት 1986 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሠራ አውቶማቲክ ለግለሰብ አይፈቀድም። የቀየረ ሰው እስከ 10 ዓመት ሊታሰር ይችላል።

እኛ ጋ ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ያለ ፈቃድ ማስገባትም መያዝም ወንጀል ነው። ፈታትቼ በሻንጣ ላምጣው ካለህ በፍጹም እሺ እንዳትለው! የደላላ ወሬም አትስማ። መጀመሪያ ፌዴራል ፖሊስ ሄደህ ጠይቅ፤ እሱ ትኬት ሳይቆርጥ በፊት።