እግር ያለው ዓሣ እውነት አለ ወይ ላልከው

ወንድሜ፣ «የባሕር ወለል ላይ እንደ ሸርጣን በእግሩ የሚሄድ ዓሣ ቪዲዮ አየሁ። እውነት ነው ወይስ የኤአይ ሥራ? እውነት ከሆነስ ቤት ማሳደግ ይቻላል?» ብለሃል። እውነት ነው። ሲ ሮቢን ይባላል። አውሮፓ ያሉት ዘመዶቹ ደግሞ ገርናርድ ይባላሉ። እኔ ሰው የሚጎበኛቸው ትልልቅ የባሕር ዓሣ ገንዳዎች ያሉበት ቦታ ለጥቂት ዓመታት ሠርቻለሁ። እነዚህን ዓሦች አብልቻለሁ፣ ገንዳቸውን አጥቤያለሁ፣ እጄንም ወግተውኛል። ስለዚህ ትንሽ ላስረዝመው።

እግሮቹ ስድስት ናቸው። ሦስት በግራ፣ ሦስት በቀኝ። እውነቱን ለመናገር ግን የክንፉ ዘንጎች ናቸው። የዓሣ ክንፍ በቀጫጭን ዘንጎች ላይ የተወጠረ ስስ ቆዳ ነው፤ ጃንጥላ አስብ። ሲ ሮቢን ገና ጫጩት ሳለ ሁሉም ዘንጎች የደረት ክንፉ ውስጥ ናቸው። ሲያድግ የታችኞቹ ሦስቱ ከቆዳው ተላቀው ለየብቻቸው ይወጣሉ። ከዚያ በኋላ እያንዳንዷ እግር በራሷ ጡንቻ ትታዘዛለች። ኅብለ ሰረሰሩ ላይም ለነዚህ እግሮች የሚያገለግሉ እብጠቶች አሉ። የቀረው ክንፍ ሰፊ ነው። ሲደነግጥ እንደ ወፍ ዘርግቶ ያሳይሃል።

ቪዲዮው ላይ አንተን የገረመህ አካሄዱ ነው። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላ ነው። እነዚህ እግሮች ይቀምሳሉ።

አሸዋ ሥር ምግብ እንቀብርላቸው ነበር። ዓሣው ትንሽ ይዋኛል፣ ያርፋል፣ አሸዋውን በእግሮቹ ይጭራል። ቁርጥ ዶሮ! ከዚያ አንድ ቦታ ላይ ቆም ይላል። ቆፍሮ ያወጣዋል። ዓይኑ ወደ አናቱ የተጠጋ ስለሆነ ከሆዱ ሥር ያለውን ማየት አይችልም። ሌሎቹ የገንዳው ዓሦችም ይሄን ነቅተውበት ነበር። ኋላ ኋላው እየተከተሉ ፍርፋሪ ይለቅማሉ።

አንድ ጊዜ ሌላ ዙር ዓሦች መጡልን። እግራቸው ስድስት፣ መልካቸውም ለኔ ያው ነው። የተቀበረ ምግብ ግን አያገኙም። አሸዋው ላይ የወደቀውን ይበላሉ፣ ትንሽ ከሸፈንከው ረግጠውት ያልፋሉ። ታመዋል ብዬ ተጨነቅኩ። የውሃውን ሙቀት ለካሁ፣ ጨዉን ለካሁ፣ ምግብ ቀየርኩ። ሁሉም ደህና ነው። ሰልችቶኝ በቃ ከላይ እየጣልኩላቸው ቀጠልኩ።

መልሱን ያገኘሁት ሥራውን ከለቀቅኩ በኋላ ነው። በፈረንጆቹ 2024 የሃርቫርዱ ኒኮላስ ቤሎኖ፣ የስታንፎርዱ ዴቪድ ኪንግስሊና ባልደረቦቻቸው ከረንት ባዮሎጂ በተባለው መጽሔት ላይ ስለዚህ ዓሣ ሁለት ጥናቶች አወጡ። እነሱም ጋ ያው ጉድ ገጥሟቸዋል! ቆፋሪ ዓሦች ነበሯቸው፤ ቀጥሎ የመጡላቸው ግን አይቆፍሩም። ለካ ዝርያው ሌላ ነው። ቆፋሪው ፕሪዮኖተስ ካሮሊነስ፣ የማይቆፍረው ፕሪዮኖተስ ኢቮላንስ ይባላል። ሁለቱም የሰሜን አሜሪካ ምሥራቃዊ ጠረፍ ዓሦች ናቸው። ኢቮላንስ ጎኑ ላይ ጥቁር መስመሮች አሉት። እኔ መስመሩን በየቀኑ እያየሁ የዕድሜ ነገር መስሎኝ ነበር። አይ እኔ!

ልዩነቱ እግሩ ላይ ነው። የካሮሊነስ እግር እንደ አካፋ ሰፋ ያለ ነው። ምላሳችን ላይ እንዳሉት ዓይነት ጥቃቅን ጉብታዎችም ሞልተውበታል። ጉብታዎቹ ንክኪም ጣዕምም ይለያሉ። ተመራማሪዎቹ የዛጎል ሥጋ ጭማቂ፣ አልፎም አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ንጥረ ነገር) ብቻውን አሸዋ ሥር ቀብረው ዓሣው አግኝቶታል። የኢቮላንስ እግር ግን ቀጭን ዘንግ ነው፣ ጉብታም የለው። ለመሄድና ለመነካካት ይጠቅመዋል፣ ለቁፋሮ አይሆንም። እግሩን በማበጀት ረገድ ትልቅ ሚና ያለው ቲቢኤክስ3ኤ የሚባል ጂን መሆኑንም ደርሰውበታል። የዚህ ጂን አቻ የኛም እጅና እግር ሲፈጠር ይሠራል።

ድምፁን አልጠየቅከኝም፣ ግን ሳልነግርህ አላልፍም። ከውሃ ስታወጣው ያጉረመርማል። ሆዱ ውስጥ ያለውን የአየር ከረጢት በጡንቻ እያርገበገበ ነው የሚጮኸው፣ እንደ ከበሮ። ገርናርድ የሚለው ስም ራሱ የመጣው ማጉረምረም ከሚል የድሮ ፈረንሳይኛ ቃል ነው። መጀመሪያ ቀን ስሰማው መረቡን ልጥለው ምንም አልቀረኝም።

እጄን የወጋኝም ያን ጊዜ ነው። ጭንቅላቱ የአጥንት ቆብ የደፋ ይመስላል፣ ስንጥቡን የሚከድነው አጥንት ደግሞ እሾህ አለው። እሾሁ መረቡ ውስጥ ሲጠላለፍ ዓሣውም ይጎዳል፣ አንተም ትደማለህ። ከዚያ ወዲህ በመረብ ማውጣት ትቼ ከነውሃው በባልዲ መቅዳት ጀመርኩ።

ቤት ማሳደጉን እርሳው። 30 ሳንቲ ሜትር አካባቢ የሚያድግ፣ ቀዝቀዝ ያለ የባሕር ውሃና ሰፊ የአሸዋ ሜዳ የሚፈልግ ዓሣ ነው። አሸዋው ደግሞ ለጌጥ አይደለም። እኛ ጋ አዲስ የመጡት ለጥቂት ቀን አሸዋ የሌለው ማቆያ ገንዳ ውስጥ ይቆዩ ነበር። ቀኑን ሙሉ ባዶውን መስታወት በስድስቱም እግራቸው ሲነካኩ ይውላሉ።