«የዱር ንብ» የትኛው ንብ ነው?

ጥያቄ፦ በጎንደር፣ አዘዞ የሥነ ሕይወት መምህርት ነኝ። ለተማሪዎቼ ስለ የዱር ንቦች ማስታወሻ ሳዘጋጅ አንድ ባልደረባዬ «ንብ ብዙ ቁጥር የለውም፤ ‹ንቦች› አይባልም» አለኝ። ሌላው ደግሞ ማር የማይሠራውን ሁሉ «ተርብ» ብዬ እንድጽፍ መከረኝ። ጣዝማስ ንብ ናት? እንጨት የሚበሳውን ትልቁን ጥቁር ነፍሳትስ ምን ልበለው?

መልስ፦ የመጀመሪያው ባልደረባዎ ግማሽ እውነት ይዘዋል፤ ግማሹም የምወደው ግማሽ ነው። ንብ በአማርኛ የጥቅል ስም ነው። ባለ ቀፎው «ንቡ ገባልኝ»፣ «ንቡ ኮበለለ» ሲል ያን ሁሉ ሺሕ ነፍስ በአንድ ነጠላ ግሥ፣ ያውም በተባዕት፣ ጠቅልሎ ይናገረዋል። ከመካከሉ አንዷ ስትለይ ግን ጾታዋ ወዲያው ይለወጣል፤ «ንቧ ነደፈችኝ» እንላለን። ደርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ጎንደርን ባቃጠለ ጊዜ ደብረ ብርሃን ሥላሴ እንዴት እንደ ተረፈች የከተማችንን ሽማግሌ ይጠይቁ፤ «ንቡ ተነሣባቸው» ይልዎታል። «ንቦቹ ተነሡባቸው» ቢል ትረካው ይላላል።

ይሁንና እርስዎ የሚጽፉት ስለ አንድ ቀፎ ንብ አይደለም። እስከ ዛሬ የተለዩት የንብ ዝርያዎች ከ20,000 ይበልጣሉ፤ የሚመደቡትም በ7 ቤተሰብ ነው፤ አንደኛው ቤተሰብ ከአውስትራሊያ ውጭ የለም። ይህን ሁሉ «ንቡ» ብሎ መጠቅለል አይቻልም። «የንብ ዝርያዎች» ቢሉ ደስ ይለኛል። «ንቦች» ግን በመማሪያ መጽሐፍም በጋዜጣም ተደላድሎ ተቀምጧልና እያጉረመረምሁ እቀበለዋለሁ።

ሁለተኛውን ምክር ግን አይቀበሉ። ማር አለመሥራት ንብን ተርብ አያደርጋትም። አብዛኞቹ የንብ ዝርያዎች ማር አያከማቹም፣ አውራም የላቸውም፣ በመንጋም አይኖሩም። እናቲቱ ብቻዋን አፈር ትቆፍራለች፤ ወይም የደረቀ አገዳ ወይም የእንጨት ቀዳዳ ትፈልጋለች። የአበባ ዱቄት በአበባ ፈሳሽ ለውሳ ታስቀምጥና እንቁላሏን ጥላበት ደጁን ዘግታ ትሄዳለች። ተርብ ለልጆቿ የምታቀርበው በአብዛኛው የታደነ ነፍሳት ወይም ሸረሪት ነው። ንብን ንብ ያሰኛት እንግዲህ የልጇ ምግብ ነው፤ ቅርንጫፍ ያለው የገላዋ ጠጉርም የአበባ ዱቄቱን ይይዝላታል። በግቢዎ የጽጌረዳ ቅጠል ጠርዙ በመቀስ የተቆረጠ በሚመስል ክብ ጎድሎ ካዩ ትል በላው ብለው አይለፉት፤ ቅጠል ቆራጭ የምትባለዋ ንብ ለልጇ ክፍል ግድግዳ ወስዳው ይሆናል። እርሷ ከማር ንብ ቤተሰብ ውጭ ናት፤ ሆኖም ንብ ናት።

እነዚህን ብቻቸውን የሚኖሩትን «ብቸኛ ንቦች» የሚሏቸው በርክተዋል። ብቸኛ ግን ሰው ያጣ፣ የተከፋ ያስመስላል። እኔ «ባሕታዊ ንብ» እላለሁ። ማንም አልተከተለኝም፤ ለማስታወሻዎ «ብቸኛ» ይበቃዎታል።

እዚህ ላይ ስሙን የማላነሣው አንድ ተከራካሪ «ንብ ከዝንብ የወጣ ቃል ነው፤ ስለዚህ የሚበርረውን ሁሉ መለየት ከንቱ ነው» ይላል። ሁለቱን ቃላት ያዛመዳቸው ጆሮ ብቻ ነው። ንብ በግእዝ «ንህብ» ነው፤ ትግርኛም «ንህቢ» ብሎ ሆይውን ጠብቆታል፤ በጥንቱ የባቢሎን ቋንቋ፣ በአካድኛ፣ የማር ንብ «ኑብቱ» ትባል ነበር። የዝንብ ዘመዶች የዕብራይስጡ «ዘቡብ» እና የዐረብኛው «ዙባብ» ናቸው። በእነርሱ ዘንድ «ን» የለም፤ የእኛው «ን» ከድርብ ድምፅ የተወለደ ነው። ለጥያቄዎ ይህን ያህል ባያስፈልግም ነገሩ ሲነሣ ዝም ማለት አልችልም።

ጣዝማ ያለ ጥርጥር ንብ ናት። ቤተሰቧም ከማር ንብ ጋር አንድ ነው። በአገራችን የታወቀችው፣ በሳይንስ ስሟ ሜሊፖኑላ ቤካሪ፣ ጎጆዋን የምትሠራው ከመሬት በታች ነው፤ አትናደፍም። ማሯን የምታኖረው በትንንሽ የሰም ማሰሮዎች ስለሆነ «የጣዝማ ማር እንጀራ» ብሎ መጻፍ ስህተት ነው፤ እንጀራው የማር ንብ ብቻ ነው። የግእዙ ማቴዎስ የዮሐንስን ምግብ «አንበጣ ወመዓረ ጸደና» ይለዋል፤ ትግርኛም ጸደናን ከዚሁ ከጣዝማ ማር ጋር ይዞት ቀርቷል። «ጣዝማ» ራሱ ከጸደና የመጣ ይሆን? ጸ ወደ ጠ መለወጡን ጸበልና ጠበል፣ ጸጕርና ጠጉር ይመሰክራሉ። ደ ወደ ዘ፣ ና ወደ ማ የሚያሻግር ሕግ ግን የለንም። ማስረጃው አይበቃም፤ እኔ ግን ልቤ አልተወውም።

ወደ «የዱር» ልምጣ፤ ዋናው መደናገር ያለው እዚህ ነው። የገጠሩ ሰው «የዱር ንብ» ሲል በዛፍ ሽንቁር ወይም በገደል ንቃቃት የሰፈረውን የማር ንብ ማለቱ ነው። ያ ንብ ቀፎ ከገባው ጋር አንድ ነው፤ ዛሬ ዛፍ ላይ በተሰቀለ ቀፎ ይሰፍራል፣ አበባ ሲጠፋ ጥሎ ይሄዳል። መኖሪያው ተለወጠ እንጂ ዘሩ አልተለወጠም። የሳይንስ ሰዎችም ስለ ዘሩ ተከራክረዋል። በ2004 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያን የማር ንብ በ5 ንኡስ ዝርያ ከፈሉት፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ሌሎች ተነሥተው የኢትዮጵያን ደጋማ አገር ንብ በአንድ ስም፣ «አፒስ ሜሊፌራ ሲሜንሲስ» አሉት። ስሙ ከእኛው የስሜን ተራሮች የተወሰደ ነው። «ሜሊፌራ» ራሱ «ማር ተሸካሚ» ማለት ነው። ንብ ማር እንደማትሸከም፣ እንደምትሠራ የገባው የስዊድኑ የሥነ ሕይወት ሊቅ ካርል ሊኔየስ፣ ራሱ በ1758 እ.ኤ.አ. ያወጣውን ይህን ስም ከ3 ዓመት በኋላ «ማር ሠሪ» ወደሚል ሊለውጠው ሞክሮ ነበር፤ በሳይንስ ስያሜ ሕግ ግን የቀደመው ስም ጸና።

ስለዚህ በማስታወሻዎ መግቢያ ላይ «የዱር ንቦች ስል ከማር ንብ ሌላ ያሉትን ማለቴ ነው» የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ያስገቡ። ያለዚያ የገበሬ ልጅ ሌላ ነገር ይረዳል።

ጥቁሩን ትልቁን «አናጢ ንብ» የሚሉት አሉ። አናጢ ይገጥማል፣ ያቆማል። ይህች ግን የበረንዳ ምሰሶ ሥር ደቃቅ የእንጨት ብናኝ እያራገፈች፣ እንጨቱንም ሳትበላ፣ ጣት የሚያስገባ ክብ ቀዳዳ ትሰረስራለች። «እንጨት ሰርሳሪ ንብ» ይበሏት። የአንዳንዱ ዝርያ ወንዱ ቢጫ ስለሆነ «ጥቁር ንብ» የሚለው ስም አያዋጣዎትም።